በጣም እስማማለሁ

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮቴን ወንበሩ ላይ ከመስቀሌ በፊት፣ ኪቦርዴ ላይ በስቴፕለር የተያያዘ ወረቀት ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። ባንክ የሚሠራ ሰው ይህን ወረቀት ከሩቅ ያውቀዋል። "ውድ የጥናቱ ተሳታፊ" ብሎ ይጀምራል። ጥናቱ የኤምቢኤ ዲግሪ ማሟያ መሆኑን፣ መልሴ ለትምህርት ዓላማ ብቻ እንደሚውል፣ ስሜን መጻፍ እንደማያስፈልገኝ፣ ምሥጢሬም እንደሚጠበቅ ያስረዳኛል። መጨረሻ ላይ ስለ ትብብሬ ከልብ ያመሰግነኛል። እኔ ገና እስክሪብቶ አላነሣሁም።

ቀድሞ የተመሰገነ ሰው "አልሞላም" የሚልበት አፍ የለውም።

"ስም አያስፈልግም" የሚለውን ያመነ የዋህ ሁለተኛውን ገጽ ሲገልጥ ይነቃል። ጾታ? ዕድሜ? የትምህርት ደረጃ? የሥራ መደብ? በዚህ ድርጅት ስንት ዓመት አገለገሉ? በእኛ ቅርንጫፍ ሴት፣ ዕድሜ ከ46 በላይ፣ አገልግሎት ከ20 ዓመት በላይ፣ ዋና ገንዘብ ያዥ ሲባል ከእትዬ በቀር ማን አለ? የቀረው የክርስትና ስማቸው ብቻ ነው። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ መጠይቅ በመጣ ቁጥር መነጽራቸውን አድርገው ዕድሜያቸውን በአሥር ዓመት ይቀንሳሉ። "ምሥጢር ይጠበቃል ካላችሁ፣ እኔም የራሴን ልጠብቅ" ይላሉ። በቅርንጫፋችን ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ ሠራተኛው በአብዛኛው ወጣትና አምራች ኃይል መሆኑን ያረጋገጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ሠንጠረዡ ይመጣል። በግራ ዓረፍተ ነገሮች ተሰልፈዋል፤ በቀኝ አምስት ባዶ ሳጥኖች። 1 በጣም አልስማማም፣ 2 አልስማማም፣ 3 ገለልተኛ፣ 4 እስማማለሁ፣ 5 በጣም እስማማለሁ። የሳጥኖቹ አባት ሬንሲስ ሊከርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው ጥናት የሰውን አመለካከት በቁጥር መለካት የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ዓለም መስማማት አለመስማማቱን በሳጥን ይናገራል።

ሊከርት ግን ሸገርን አያውቃትም። መላሹ ብቻውን ተቀምጦ፣ ማንንም ሳይፈራና ማንንም ሳያፍር ልቡን የሚገልጥ ሳይመስለው አልቀረም። እኛ ዘንድ መጠይቁን ያመጣው ሰው ወንበር ስቦ አጠገብህ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ የሥራ ባልደረባህ ነው፤ ካልሆነ የባልደረባህ ባለቤት ናት፤ እሷም ካልሆነች የወንድምህ ጓደኛ። "ቶሎ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅብህም" ይልሃል። ዓይኑ ግን እስክሪብቶህ ጫፍ ላይ ነው። በዚህ መሐል 1 ላይ ምልክት የሚያደርግ ሰው ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ የሥራ መልቀቂያውን አስገብቷል።

ከሁሉ የሚከብደው "የቅርብ አለቃዬ ሐሳቤን ያከብራል" የሚለው ነው። አንዳንዴ ወረቀቱን የሚያከፋፍለው አለቃው ነው። የሚሰበስበውም አለቃው ነው። ለአጥኚው ከማስረከቡ በፊት፣ እንዲያው ገጽ እንዳይጎድል ብሎ፣ ገለጥ ገለጥ ያደርገዋል። ለዚህች ዓረፍተ ነገር 3 ቁጥር ባትኖር ምን ይውጠን ነበር? ገለልተኛ። በአለቃው ጉዳይ ገለልተኛ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ፣ በገለልተኝነቱም የምስክር ወረቀት ተሸልሞ ጡረታ የወጣ ሰው አውቃለሁ።

የቀረውን ሁሉም 4 እያለ ይወርዳል። 5 ማሽቃበጥ ይመስላል፤ 4 ግን ጨዋነት አለው። "በሥራዬ ደስተኛ ነኝ" 4። "ክፍያዬ ከድካሜ ጋር ይመጣጠናል" 4። አጥኚዎች ግን ተንኮል አያጡምና፣ መላሹ እያነበበ መሆኑን ለማረጋገጥ መሐል ላይ ተገልባጭ ዓረፍተ ነገር ይሰነቅራሉ። "በቅርቡ ይህን ድርጅት ለመልቀቅ አስባለሁ።" እሱም 4። ጓደኛዬን "ደስተኛ ነህ ወይስ ልትለቅ ነው?" ብለው "ሁለቱም" አለኝ። ባንክ ለሠራ ሰው ይህ መልስ ምንም ተቃርኖ የለበትም።

ታዲያ ለምን እንሞላለን? ብድር በምድር ስለሆነ ነው። የዛሬ ሞይ የነገ አስሞይ ነው። ዛሬ ወረቀቱን ተቀብለህ መሳቢያ ውስጥ ያስተኛህበት ልጅ፣ ነገ አንተ የራስህን ይዘህ ስትመጣ ከመሳቢያው በላይ ቦታ አይኖረውም።

እኔም ተራዬ ደረሰ። ምክንያቱ ዕውቀት ጠምቶኝ ነው ብል ባልደረቦቼ 2 ይሰጡኛል። ምክንያቱ የውስጥ የሥራ ማስታወቂያ ነበር። "ተፈላጊ ችሎታ፦ ማስተርስ ዲግሪና 6 ዓመት፣ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪና 8 ዓመት የሥራ ልምድ" ይላል። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ማስተርሱ የሚያተርፍልህ ሁለት ዓመት ነው። የሚማሩት ስንት ዓመት ነው? ቢፈጥን ሁለት፤ የማታ ከሆነማ ከዚያም ይዘልቃል። ዝም ብለህ ብትቀመጥ በነጻ የምትደርስበትን ነገር ከፍለህ ትሮጥበታለህ። ይህን ስሌት ክፍል ውስጥ የፋይናንስ መምህራችን ፊት አንሥቼው ነበር። "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የኢንቨስትመንት ምዕራፍ ላይ እንመለስበታለን" አሉ። ምዕራፉ አለፈ።

ክፍላችን የማታ ነው፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይጀምራል። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ማለት የአዲስ አበባ ሕዝብ በሙሉ የሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚገናኝበት ሰዓት ነው። "ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ" የሚል መልእክት በቴሌግራም ይገባል፤ ላኪው ገና ሳሪስ ነው። የክፍሉ ሰው ስብጥር ግን ደስ ይላል። የባንክ ሰው ይበዛል፤ መሐንዲስ አለ፣ ፋርማሲስት አለ፣ የጉምሩክ ሰው አለ፣ አንድ ሐኪምም ነበሩ። ሁላችንም ለመምራት ነው የምንማረው። የሚመራው ማን እንደሚሆን አልተነጋገርንም።

ይህ ዲግሪ መጀመሪያ የተሰጠው ሃርቫርድ ነው፤ የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሄንሪ ሚንትዝበርግ የተባሉ ካናዳዊ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ መጽሐፍ ጽፈው ነገሩን አናጉት። አመራር ሥራ ላይ የሚለመድ ነገር ነው፤ ሥራ ቀምሶ የማያውቅ ወጣት ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ሥራ አስኪያጅ ማድረግ አይቻልም ነው የሚሉት። የእኛን የማታ ክፍል ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር። ሁላችንም ከሥራ ነው የመጣነው። ጠጋ ብለው ሲያዩን ግማሾቻችን እንቅልፍ ላይ መሆናችንን ይደርሱበት ነበር እንጂ።

እንቅልፍ ብቻ አይደለም፣ ረሃብም አለ። የማዝሎው የፍላጎት እርከን የተማርነው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማዝሎው ንድፈ ሐሳቡን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሆን፣ ዛሬ በየመማሪያው የምናየውን ፒራሚድ ግን እሱ አልሣለውም፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው የደረደሩት። ታች ምግብና ውኃ፣ ጫፍ ላይ ራስን እውን ማድረግ። መምህሩ ጫፉን ሲያስረዱ ከታች ከግቢው በር የፍርፍር ሽታ በመስኮት ገባ። ከኋላ አንዷ "መምህር፣ እኛ ገና ከመሠረቱ አልተነሣንም" አለች። ዕረፍት ተሰጠ። በዚያ ትምህርት ዘመን ንድፈ ሐሳብ በተግባር ሲረጋገጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የሆቶርንን ጥናት ስንማር ደግሞ መብራት ጠፋ። አልቀለድኩም። እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ቺካጎ አጠገብ ባለ የስልክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የመብራቱን መጠን እየለዋወጡ የሠራተኛውን ምርታማነት ለኩ። ሲያደምቁት ምርቱ ጨመረ፤ ሲያደበዝዙትም ጨመረ። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ይበረታል የሚል ትምህርት ተወሰደበት፤ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛ ክፍል ግን መብራቱ ሲጠፋ ማንም አልበረታም። ፕሮጀክተሩ አብሮ ጠፋ፤ ሁሉም ስልኩን አበራና ፌስቡክ ገባ።

የቡድኔን ሰዎች ላስተዋውቅ፤ ያለ እነሱ ይህ ወግ አይገፋም። አንደኛው ጋሼ ናቸው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጡ፣ ሰላሌ ያደጉ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ ሰው። ሁለተኛዋ ኢንሹራንስ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ላፕቶፕና ቁጣ ይዛ ትመጣለች። ሦስተኛው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። አራተኛው ዝምተኛው ነው። ዝምተኛው ያልኩት ስለማይናገር ብቻ አይደለም፤ ስለማይመጣም ጭምር ነው። አምስተኛው እኔ ነኝ።

ጋሼ ጥያቄ አያበዙም፤ ሲጠይቁ ግን መምህሩ ማርከሩን ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን የቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕን ሳጥን ተማርን። ብሩስ ሄንደርሰን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1970 ያስፋፋው ነው። የአንድ ኩባንያ ሥራዎች በአራት ይከፈላሉ፦ ኮከብ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ላምና ውሻ። ላሟ ብዙ ሳትቀለብ የምትታለብ ሥራ ናት፤ ትታለባለች። ውሻው ገበያውም ድርሻውም የሞተ ሥራ ነው፤ ይሸጣል ወይም ይዘጋል።

ጋሼ እጃቸውን አወጡ። "መምህር፣ ውሻው ከተሸጠ ላሟን ሌሊት ማን ይጠብቃታል?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ቆይቼ ሳስበው፣ በዚያ ትምህርት ቤት ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው። ትርፍ የማያመጣ የሚመስለው ክፍል ስንቱን ትርፍ የሚያመጣ ክፍል ደግፎ እንደያዘ ከኩባንያው ቢሮ አይታይም፤ ከሰላሌ በረት ግን ይታያል። መምህሩ ጥቂት አሰቡና "ለፈተና ግን ይሸጣል" አሉ። ጋሼ ፈተናው ላይ ውሻውን ሸጡት። ከልባቸው አልነበረም።

በዚያው ዕለት ነጋዴው "የእኛ ዲግሪ ራሱ ከአራቱ የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል?" ብሎ ጠየቀ። ከኋላ አንድ ድምፅ "አምስተኛው ሳጥን ውስጥ" አለ። "ላም አለኝ በሰማይ።"

ማርኬቲንግ ላይ የስታርባክስን ታሪክ አነበብን። ቡና እንዴት ስም እንደሚሆን፣ ስምም እንዴት ዋጋ እንደሚሆን በእንግሊዝኛ በሰፊው ተተንትኗል። ጽሑፉ ስለ ሲዳሞ፣ ስለ ይርጋጨፌና ስለ ሐረር አንድ ቃል አልነበረውም። እነዚህን ስሞች ኢትዮጵያ አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ስትል ከኩባንያው ጋር ተከራክራ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት መፈረሙን የነገረን መምህሩ ሳይሆን ይርጋጨፌ የተወለደው ፋርማሲስት ነው። እሱም ቢሆን የተናገረው በዕረፍት ሰዓት፣ ግቢው በር ላይ ስኒ ይዞ ነው። ክፍል ውስጥማ የአገር ውስጥ ምሳሌ ሲጠየቅ የሁላችንም መልስ አንድ ነበር። ጥራት? አየር መንገድ። የሰው ኃይል ሥልጠና? አየር መንገድ። ራዕይ? አየር መንገድ። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ የሚበር ድርጅት በመኖሩ ስንት የኤምቢኤ ተማሪ ከዜሮ እንደዳነ ቢታወቅ ነጻ ትኬት ባልተነፈገን ነበር።

ከዚያ የቡድን ሥራ መጣ። "የአገራችንን የባንክ ኢንዱስትሪ በፖርተር አምስት ኃይሎች ተንትኑ" ተባልን። ማይክል ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1979 ያስተዋወቀው መነጽር ነው፤ የተፎካካሪ፣ የገዢ፣ የአቅራቢ፣ የተተኪ ምርትና የአዲስ ገቢ ጉልበት ይታይበታል። ነጋዴው ደስ አለው። ሱቁ ውስጥ የቀድሞ ተማሪዎች የሠሩት ሶፍት ኮፒ ሞልቷል። አዲስ ገቢ የሚለው ላይ ሁሉም "ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ የውጭ ባንክ በሕግ አይገባም" ይላል። እውነት ነበር፤ ለብዙ ዓመታት። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ ሲያጸድቅ ጋዜጦች ስለ ካፒታልና ስለ ውድድር ጻፉ። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የተከማቸው ያ ሁሉ ሶፍት ኮፒ በአንድ ቀን ማርጀቱን የጻፈ የለም። ነጋዴው ግን ኪሳራው ገብቶታል።

ስለዚህ እንደገና መሥራት ነበረብን። ሠራንም። ሠራን ስል ሠራች ማለቴ ነው። ጋሼ ሐሳብ ሰጡ፣ ነጋዴው አሳተመ፣ እኔ ቡና ጋበዝኩና ስላይዱን አቀረብኩ፣ ዝምተኛው በቴሌግራም አውራ ጣቱን አነሣ። የኢንሹራንሷ ልጅ አርባ ገጹን ሌሊት ጻፈችው። አበው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። በእኛ ቡድን ሎሚው ሁሉ በአንዲት ልጅ ቦርሳ ውስጥ ተጓጓዘና ጌጡ ለአምስት ተከፈለ።

ሽፋኑ ላይ ስም ሲጻፍ ልጅቷ እጇን ከኪቦርዱ አነሣች። "ዝምተኛውን ላስገባው?"

ዝም አልን። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የቤት ጉዳይ ይኖርበት ይሆናል።" ነጋዴው "አንድ መስመር ነው፣ ምን ይጎዳል?" አለ። እኔ ገለልተኛ ነበርኩ። አስገባችው። በፊደል ተራ ሲደረደር የእሱ ስም አንደኛ ወጣ።

ያን ቀን ነው ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረን ምን እንደሆነ የተገለጠልኝ። የአንድን ሰው ስም ከሽፋን ላይ ለመፋቅ የሚያስችል ንድፈ ሐሳብ በየትኛውም ሴሚስተር አልነበረም። "ይኸ ሰው አልሠራም" የሚለው ዓረፍተ ነገር የአራታችንም አፍ ጫፍ ላይ ነበር፤ የሚጽፈው ጠፋ እንጂ። ጓደኞቻችን ፊት ቀርቶ፣ በሌለ ሰው ፊት እንኳ 1 ማለት አይሆንልንም።

ወደ መመረቂያ ጽሑፌ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው መጠይቁ ከእጄ የገባው። ርእስ መምረጥ ከባድ አይደለም፣ ቅርጹ የታወቀ ነው። "የእንትን ተጽዕኖ በእንትን ላይ፦ በእንትን ባንክ የተደረገ ጥናት።" ሁለቱን እንትኖች መሙላት ብቻ ነው። ከባዱ ጋፕ ነው። አማካሪ መምህር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቃል በሕልሙ ይሰማል። "ጋፑ የታለ? ሌሎች ያላዩትን ምን አየህ?" ይባላል። አንዱ ጓደኛችን "በአዲስ አበባ ተጠንቷል፣ በቃሊቲ አካባቢ ባሉ ቅርንጫፎች ግን አልተጠናም" ብሎ አለፈ። እኔ እንኳ የታየኝ ጋፕ ደመወዜና የቤት ኪራዬ መካከል ያለው ነበር፤ እሱን ማንም አጥኚ ሳያየው ቀርቶ አይደለም።

ከእኔ በፊት ያለፉት የባሰ ድፍረት ነበራቸው። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ እስኪጀምር ድረስ አገሪቱ ያላት የቴሌኮም ድርጅት አንድ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን የቴሌኮም ደንበኛን ታማኝነት ለመለካት የተነሣ ተማሪ ምን ያገኛል? ሌላ መሄጃ የሌለው ሰው ታማኝነቱ ከፍተኛ ነው። ትዳርም ላይ ሳይሠራ አይቀርም።

ናሙና ሲመጣ ደግሞ ያማኔ አለ። ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ውስጥ ያለች አጭር ቀመር ናት፤ በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እሷን ያልጠቀሰ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አርባ ሺህ ሠራተኛ ካለህ፣ በ5 በመቶ የስሕተት ገደብ፣ 396 ሰው ጠይቅ ትልሃለች። አራት ሚሊዮን ቢሆንስ? 400። ኢትዮጵያን በሙሉ ብትጠይቅ? ያው 400። ሌላ ምንም ነገር በዚህ አገር እንዲህ አይረጋጋም።

መጠይቄን አሳተምኩ። "ውድ የጥናቱ ተሳታፊ" አልኩ፤ አመሰገንኩም፣ አስቀድሜ። ስም አያስፈልግም አልኩ፤ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የሥራ መደብ ጠየቅሁ። ከዚያ በየቅርንጫፉ ዞርኩ፣ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ "አሥር ደቂቃ አይፈጅም" አልኩ። ሲመለስልኝ አብዛኛው 4፣ 4፣ 4 ነው። አንዱ 3፣ 4፣ 5፣ 4፣ 3 እያለ እስከ ታች ወርዷል፤ ወረቀቱን ዘቅዝቀህ ስታየው የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ይወጣዋል። እትዬ 36 ዓመታቸው ነው።

የሚገርመው ኮምፒዩተሩ መደሰቱ ነው። ክሮንባክ የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1951 ያስፋፋው መለኪያ አለ፤ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ይስማማሉ ወይ የሚለውን ያያል። ከ0.7 ከበለጠ ጥሩ ነው ይባላል። የኔ 0.9ን ተሻገረ። አማካሪዬ "ግሩም ነው" አሉ። ሁሉም ሰው ሳያነብ አንዱን ቁጥር እየደጋገመ ሲወርድ ከዚህ በላይ መስማማት ከየት ይመጣል? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አማካሪዬን ማግኘት በራሱ ሌላ ጥናት ነበርና የተገኙ ዕለት በነገር አላስቆጣቸውም።

ግኝቴ ይህ ነው፦ ክፍያ በሠራተኛ እርካታ ላይ አዎንታዊና ጉልህ ተጽዕኖ አለው። እትዬ ጽሑፉን ተውሰው አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ይኼን ማን ካደ?" አሉ። የመፍትሔ ሐሳቤ ደግሞ እንደ አባቶቼ ነበር። ችግሩ ምንም ይሁን ምን ማኔጅመንቱ ተከታታይ ሥልጠና ይስጥ ይባላል። ደመወዝ ይጨመር ብሎ መጻፍ እንደ መሳደብ ይቆጠራል።

ጽሑፌን የምከላከልበት ቀን የታሸገ ውኃና ብስኩት ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። የውጭ ፈታኙ ብስኩቱን እየበሉ "ለምን 396 ሆነ?" አሉኝ። "ያማኔ 1967" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓመተ ምሕረት የያዘ መልስ ይከበራል። ጥቂት ሥርዓተ ነጥብ አስተካክል ተብዬ አለፍኩ። ስለ ምርቃቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ካባው ይሞቃል፣ ፎቶው ውድ ነው፣ ዘመድ ሁሉ "አሁን ስንት ጨመሩልህ?" ይላል። ያንን የውስጥ ማስታወቂያ ተከትዬ ሳመለክት ተፈላጊው ልምድ ለማስተርስም ለመጀመሪያ ዲግሪም 8 ዓመት ተደርጎ ተስተካክሎ ጠበቀኝ። ማስተርስ ያለው ሰው ስለበዛ ነው አሉ።

የቡድናችን የቴሌግራም ገጽ ግን አልተዘጋም። ሐዘንና ሠርግ ይነገርበታል፤ ጋሼ በየበዓሉ ይመርቁናል፤ ነጋዴው የወረቀት ዋጋ መናሩን ያስታውቃል። ባለፈው ሰሞን አንድ ደብዳቤ በፎቶ ተለጠፈበት፤ ዝምተኛው የመምሪያ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሹሟል። ሁላችንም አበባ ላክን። ለቃለ መጠይቁ ምን ተጠይቀህ ነበር ስንለው፣ ያን ያህል ሲጽፍ አይተነው አናውቅም፣ "በቡድን የመሥራት ልምድህን አስረዳ አሉኝ፤ የሠራነውን የፖርተር ጥናት አስረዳኋቸው፤ ስሜ አንደኛ ላይ ስላለ የቡድኑ መሪ ነበርክ ወይ አሉኝ" አለ። ምን ብሎ እንደመለሰ አልጻፈም። እኛም አልጠየቅነው።

በሳምንቱ ለኢንሹራንሷ ልጅ ለብቻዋ ደወለላት። አዲስ ሠራተኞቹን የሚያገኝበት የመጀመሪያ ስብሰባ ሰኞ ነው፤ ያንን የጥንቱን ስላይድ ትንሽ አሻሽለሽ ትልኪልኛለሽ ወይ አላት።

"ምን አልሽው?" አልኳት።

"ላክሁለታ። ምን እላለሁ?" አለች። "ሽፋኑን ግን ራስህ ሥራ አልኩት።"